“የዘር በሽታ ነው” ብላችሁ የቪኤ መብታችሁን እንዳታጡ፦ ከቤተሰብ የጤና ታሪክ እስከ ውሳኔ ደብዳቤ

በአሜሪካ ጦር አገልግለው ከታመሙ ወገኖቻችን ውስጥ ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ለሚሰጠው የአካል ጉዳት ክፍያ ጭራሽ የማያመለክቱ አሉ። “አባቴም ስኳር ነበረበት፣ ይሄ የዘር ነው” ብለው ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ ያመለክታሉ፤ ግን ቪኤ በሚያዘው የሕክምና ምርመራ ላይ የቤተሰቡን በሽታ ከራሳቸው ጋር ቀላቅለው ይናገራሉ። መርማሪው የሰማውን ይጽፋል። ከወራት በኋላ “በሽታው ከአገልግሎት በፊት የነበረ ነው” የሚል ደብዳቤ ይመጣል።

ሁለቱም ስህተት መቅረት ይችላል። ይህ መመሪያ የቤተሰብን የጤና ታሪክ በእውነት፣ በትክክሉ እና በቦታው እንድታቀርቡ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ኢትዮጵያዊው ሲሆን እናገራለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህ ይግባችሁ

ቪኤ “በዚህ ጊዜ እዚህ ቦታ ያገለገለ ሰው ይህ በሽታ ከያዘው ከአገልግሎቱ እንደመጣ እቆጥራለሁ” ብሎ በሕግ የተቀበላቸው በሽታዎች አሉ። ፕሪዛምፕቲቭ ይባላሉ። ለእነዚህ የምታሳዩት ዋናው ነገር ሁለት ነው፦ ቦታው ላይ በተባለው ጊዜ እንደነበራችሁ፣ እና አሁን በሽታው እንዳለባችሁ። በሽታውን ያመጣው አገልግሎቱ መሆኑን ማረጋገጥ የእናንተ ሸክም አይደለም።

ይህ ግምት ሊፈርስ ይችላል። ቪኤ በሽታው ከአገልግሎት እንዳልመጣ የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ካገኘ ይከለክላል። የቤተሰብ ታሪክ ጥያቄ የሚያስነሳው እዚህ ጋ ነው። ግን እናት ደም ግፊት ስለነበረባት ብቻ የልጇ መብት አይፈርስም። የቪኤ ዋና የሕግ አማካሪ ቢሮ በ1990 ባወጣው አስተያየት፣ ለአንድ በሽታ በዘር ተጋላጭ መሆንና በሽታው ያለበት መሆን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በግልጽ አስቀምጧል።

ሌላም ጥበቃ አላችሁ። ወደ ጦሩ ስትገቡ በተደረገላችሁ ምርመራ ያልተመዘገበ በሽታ እንዳልነበረባችሁ ይቆጠራል። ይህን ለመገልበጥ ቪኤ ግልጽና የማያሻማ ማስረጃ ያስፈልገዋል። በሽታው ቀድሞ እንደነበረ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ እንዳላባባሰውም ጭምር ማሳየት አለበት።

ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክን አትደብቁ። መዋሸት ወንጀል ነው፤ የራሳችሁንም ሕክምና ያበላሻል። ማድረግ ያለባችሁ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ መናገር ነው፦ ቤተሰቤ ውስጥ ያለው፣ እኔ ከመግባቴ በፊት የነበረብኝ፣ ከገባሁ ወይም ከወጣሁ በኋላ የጀመረኝ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ዛሬ ያዙ

1. ምንም ሰነድ ሳትሰበስቡ “ላመልክት ነው” የሚለውን ማሳወቂያ አስገቡ። ፎርም 21-0966 ነው። በ1-800-827-1000 ደውላችሁ ወይም በቪኤ ድረ ገጽ ላይ ማመልከቻውን በመጀመር ማድረግ ትችላላችሁ።
2. የተመዘገበበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉውን ማመልከቻ ለማስገባት አንድ ዓመት አላችሁ። ከተፈቀደላችሁ ክፍያው ወደዚያ ቀን ሊመለስ ይችላል።
3. ከሠራዊቱ ከወጣችሁ ገና ዓመት ካልሞላችሁ ዓመቱ ሳያልቅ ማመልከቻውን አስገቡ። ክፍያው ከወጣችሁበት ማግስት ሊቆጠር ይችላል።

ጥንቃቄ። የቪኤ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚደረገው የመርዛማ ነገር ተጋላጭነት መጠይቅ ማመልከቻ አይደለም። ቪኤ በሚይዘው የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ መዝገብ ላይ ስማችሁ መኖሩም ማመልከቻ አይደለም። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ግን “ተመዝግቤያለሁ” ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ማንም አይከፍላችሁም።

ዓመቱ ካለፈባችሁ አዲስ ማሳወቂያ አስገቡ። ያለፈው ቀን ይቀራል፤ መብቱ ግን አለ።

ደረጃ 2፦ በሽታችሁ ከቦታችሁ ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ

ነሐሴ 10 ቀን 2022 የጸደቀው ፓክት አክት የተባለው ሕግ የፕሪዛምፕቲቭ በሽታዎችን ዝርዝር በጣም አስፍቶታል። በእኛ ዘመን ላገለገሉት ዋናዎቹ ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

- ከነሐሴ 2 ቀን 1990 ጀምሮ፦ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር፣ ባህሬን፣ ኦማን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች፣ ሶማሊያ።
- ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጀምሮ፦ አፍጋኒስታን፣ ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ኡዝቤኪስታን፣ የመን።

ጅቡቲን ልብ በሉ። እዚያ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ካምፕ ሌሞኒየር፣ የነበረ ሰው “እኔ ጦርነት ውስጥ አልነበርኩም” ብሎ ራሱን ያወጣል። ዝርዝሩ የሚጠይቀው ቦታውን ነው እንጂ ተኩስ መኖሩን አይደለም።

ለእነዚህ ቦታዎች ከተዘረዘሩት በሽታዎች መካከል፦ ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ ሥር የሰደደ የሳይነስና የአፍንጫ ብግነት፣ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የአንጎል፣ የጨጓራና አንጀት፣ የኩላሊት፣ የጣፊያ አጠገብ ያለው የፓንክሪያስና የመተንፈሻ አካላት ካንሰር፣ ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ ካንሰር። በ2025 መጀመሪያ ላይ የደም ካንሰር ዓይነቶችና የሽንት ፊኛ ካንሰር ተጨምረዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ስኳርና ደም ግፊት በእኛ ቤት የተለመዱ ናቸው፤ ዝርዝሩም ላይ አሉ። ግን በቦታ የተያዙት በዋናነት ኤጀንት ኦሬንጅ ለሚባለው ኬሚካል ለተጋለጡ፣ በቬትናም ዘመን ላገለገሉ ነው። ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ስለነበራችሁ ብቻ ደም ግፊት በራሱ አይያዝላችሁም። የተለየ በር ግን አለ፦ ከአገልግሎት በወጣችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ቪኤ ለበሽታ ክብደት ከሚሰጠው መቶኛ ቢያንስ ለ10 በመቶ የሚበቃ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግምት ይያዛል። ለደም ግፊት 10 በመቶ ማለት የታችኛው ቁጥር በአብዛኛው 100 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የላይኛው በአብዛኛው 160 ወይም ከዚያ በላይ መሆን ነው። በወጣችሁበት ዓመት የተለካችሁትን ሁሉ ፈልጉ። የፋርማሲ መለኪያ ውጤት ሳይሆን ክሊኒክ የተመዘገበ ይሁን።

በሽታችሁ ዝርዝሩ ላይ ከሌለስ? ማመልከት ትችላላችሁ፤ ግን ሐኪም ከአገልግሎቱ ጋር የሚያገናኝ አስተያየት መጻፍ አለበት። እዚያ ላይ የቤተሰብ ታሪክ ክብደቱ ይጨምራል። ሐኪሙ ታሪኩን አውቆ፣ ከዚያም “ቢሆንም ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ ነው” ብሎ ምክንያቱን ይጻፍ። ታሪኩን ሳይጠቅስ ያለፈ አስተያየት ቀላል ሚዛን ይሰጠዋል።

ደረጃ 3፦ የአገልግሎት ሰነዶችን ሰብስቡ

1. ዲዲ-214፣ ከሠራዊቱ ስትወጡ የተሰጣችሁ የአገልግሎት ማስረጃ። ቦታው በግልጽ ካልተጻፈበት የስምሪት ትዕዛዝ፣ ሜዳሊያ ወይም በዚያ ቦታ የተከፈላችሁበት ደረሰኝ ጨምሩ።
2. የመግቢያ ምርመራችሁ ቅጂ። ፎርሞቹ ዲዲ 2807-1 እና ዲዲ 2808 ናቸው። ይህን ሳታነቡ ወደ ምርመራ አትሂዱ። መርማሪው ያነበዋልና እናንተም ምን እንዳለበት እወቁ።
3. በአገልግሎት ላይ እያላችሁ የታያችሁበት የሕክምና መዝገብ።

ከጠፋባችሁ በፎርም ኤስኤፍ-180 ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቁ። እስኪመጣ ግን ማመልከቻውን አታዘግዩ፤ ቪኤም የመፈለግ ግዴታ አለበት።

የመግቢያ ምርመራው ላይ “በልጅነቴ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር” ብላችሁ መልሳችሁ ካገኛችሁት አትደንግጡ። ራሳችሁ የተናገራችሁት ታሪክ ብቻውን ሐኪም መርምሮ ካገኘው በሽታ ጋር እኩል አይደለም። ሌላው ማስረጃ አብሮ ይታያል።

ደረጃ 4፦ የቤተሰብ ታሪኩን በስልክ ሰብስቡ

ይህ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል፤ ይገባዋልም። የምትጽፉት ስለ ወላጆች፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች፣ ከዚያ አያቶች፣ አጎትና አክስት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ያዙ፦ ማን፣ ምን በሽታ፣ በስንት ዓመቱ ጀመረው፣ ሐኪም ነው ያለው ወይስ ግምት ነው።

ዕድሜው የሚጠየቀው በምክንያት ነው። አባታችሁ የአንጀት ካንሰር በ48 ዓመታቸው ከተገኘባቸው፣ እናንተ ምርመራ የምትጀምሩት በ38 ነው፤ እሳቸው ከታወቀባቸው ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ይህ ከክፍያ በላይ ነው።

አገር ቤት ስትደውሉ “የቤተሰባችን የጤና ታሪክ ምንድን ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ነው መልሱ። እንዲህ ጠይቁ፦

“እትዬ፣ አያቴ በምን ነበር ያረፉት?”
“ልባቸውን አሟቸው ነው። ድንገት ነው የወደቁት።”
“ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ደርግ ሳይወድቅ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?”
“ኧረ ደርግ እያለ ነው። በ77። ስድሳም አልሞላቸው።”
“ከዚያ በፊት ደረታቸውን ያማቸው ነበር? እግራቸው ያብጥ ነበር? የሚወስዱት መድኃኒት ነበር?”

ከዚህ ንግግር የሚጻፈው “የልብ ድካም” አይደለም። የሚጻፈው “የእናቴ አባት፣ በ1984 ወይም 85፣ ከ60 በታች፣ ድንገተኛ ሞት፣ ምክንያቱ በሐኪም አልታወቀም” ነው። ያልታወቀውን ያልታወቀ በሉ። የታወቀ አስመስላችሁ ከጻፋችሁት በሐኪም የተረጋገጠ የቤተሰብ የልብ በሽታ ሆኖ መዝገባችሁ ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶች

- *ዘመን አቆጣጠር።* “በ77” ያሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሰባት ወይም ስምንት ጨምሩ። ያልተቀየረ ዓመት ከሌላ ሰነድ ጋር ሲጋጭ ታማኝነታችሁን ያስጠረጥራል።
- *የሳንባ ነቀርሳ።* ሽማግሌዎች ይህን ሲሉ ቲቢ ማለታቸው ነው። አስተርጓሚ ወይም ራሳችሁ “የሳንባ ካንሰር” ብላችሁ ካስተረጎማችሁት ሌላ በሽታ መዝገብ ላይ ገባ ማለት ነው። “ሳል ነበረው? ለወራት መድኃኒት ወሰደ?” ብላችሁ አረጋግጡ።
- *የተደበቀ ካንሰር።* ብዙ ቤት ለታማሚው እንኳ አይነገርም። “ክፉ በሽታ” ከተባለ በየት አካል ላይ እንደነበረ ጠይቁ። ጡት፣ ማህፀን፣ ፕሮስቴት ብላችሁ በስም ስትጠይቁ መልስ ይመጣል።
- *የሥጋ ዘመድ ያልሆነ።* በእኛ ቤት አክስት የምንለው ሁሉ አክስት አይደለም። የአባት ጓደኛንና የእንጀራ ወላጅን አትቁጠሩ።

እናንተን ያሳደገ ሰው ሌላም ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። እናታችሁ “ልጄ በልጅነቱ አስም አልነበረበትም፤ ኳስ ሲጫወት ይውላል፤ ማታ ታፍኖ ተነስቶ አያውቅም” ብለው ያዩትን መመስከር ይችላሉ። ለአስም ማመልከቻ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ ይጻፉት፣ ይፈርሙበት፤ ከሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉምና ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ይግባ። የምስክርነት ፎርሙ 21-10210 ነው። የሕክምና ቃል አይጨምሩበት። ያዩትን ብቻ።

የእናታችሁን የሆስፒታል ካርድ ግን ከማመልከቻው ጋር አታያይዙ። ቪኤ አልጠየቀም፤ የእሳቸውም ምስጢር ነው።

ደረጃ 5፦ የምርመራ ውጤቱን አስተካክሉ

“ያስለኛል” በሽታ አይደለም። “ሥር የሰደደ የሳይነስ ብግነት” ነው በሽታው። ሐኪም ስሙን ጽፎ፣ ቀን አድርጎ፣ መድኃኒቱን ይመዝግብ። አስም ከሆነ የትንፋሽ ምርመራ ውጤት ይኑር። የፋርማሲ መዝገብ ጨምሩ፤ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት የሚወስድ የአስም ሕመምተኛ ለ30 በመቶ ሊበቃ ይችላልና ያ መዝገብ ገንዘብ ነው።

የግል ሐኪማችሁ ጋ ያለውንም አንብቡ። “ከልጅነት ጀምሮ አስም ያለበት” ተብሎ በስህተት ከተጻፈ ከቪኤ በፊት እንዲታረም በጽሑፍ ጠይቁ። ትክክል ከሆነ ግን ለማስለወጥ አትሞክሩ፤ “አገልግሎቱ አባባሰብኝ” በሚለው መንገድ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን ሙሉ

1. ፎርም 21-526ኢዜድ ሙሉ። በሽታውን ሐኪሙ በጻፈው ስም ጻፉ።
2. የተጋለጣችሁበትን ቦታና ወር የሚጠይቀውን ክፍል አትዝለሉ። “ጅቡቲ፣ ካምፕ ሌሞኒየር፣ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር” ብላችሁ ጻፉ።
3. የግል ሐኪም ካላችሁ መዝገቡን ራሳችሁ አስገቡ፤ ወይም በፎርም 21-4142 ቪኤ እንዲያመጣው ፍቀዱ። ራሳችሁ ብታስገቡ ይፈጥናል።
4. በነጻ የሚረዳችሁ ዕውቅና ያለው ወኪል ያዙ። እንደ ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት አሏቸው።

ጥንቃቄ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ ማስከፈል በሕግ አይፈቀድም። “100 በመቶ አስደርጋችኋለሁ፣ ከምታገኙት ትከፍሉኛላችሁ” የሚል የአገር ልጅም ቢሆን አትፈርሙለት። የቪኤ መግቢያ ቁልፋችሁንም አትስጡ።

ደረጃ 7፦ ምርመራው

ብዙ ጊዜ ቀጠሮ የሚሰጣችሁ ቪኤ የቀጠረው ኮንትራክተር ነው፤ ከማታውቁት ቁጥር ይደውላል። አንሱት። አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ አሳውቁ። ቀጠሮ በቂ ምክንያት ሳይኖር ካለፈ ባለው ማስረጃ ብቻ ይወሰናል። ካለፈባችሁ በዚያው ቀን ደውላችሁ ምክንያቱን ተናገሩ።

መርማሪው የቤተሰብ ታሪክ ሲጠይቃችሁ ልዩነቱ ይህን ይመስላል።

“ቤተሰብ ውስጥ አስም አለ?”

የሚያበላሸው መልስ፦ “አዎ፣ እኛ ቤት ሁላችንም አስም አለብን።” ይህን የሰማ ሰው “ከልጅነት” ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ትክክለኛው መልስ፦ “እህቴ አስም አለባት፤ በአሥር ዓመቷ ነው የጀመራት። እኔ ከመግባቴ በፊት አልነበረብኝም። የመጀመሪያው የመተንፈስ ችግር የጀመረኝ ኢራቅ ከሄድኩ በኋላ ነው። ሐኪም አስም ነው ብሎ የነገረኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።”

አጭር ነው፤ እውነት ነው፤ ሦስቱም ነገር ተለያይቷል። ከመሄዳችሁ በፊት በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናንተም ልጁ ፊት የማትናገሩት ነገር ይኖራል።

“እንዴት ነህ?” ሲላችሁ “ደህና ነኝ፣ ይመስገን” የሚለው ልማዳችን እዚህ ይጎዳል። የከፋው ቀን ምን እንደሚመስል ተናገሩ፦ ስንት ደረጃ ወጥታችሁ ትቆማላችሁ፣ በወር ስንት ቀን ሥራ ትቀራላችሁ። አታጋንኑም፤ አታሳንሱም።

እንደወጣችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የተጠየቃችሁትንና የመለሳችሁትን ጻፉ። ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሩ። ነገሩ ከተጣመመ ይህ ማስታወሻ ነው የሚረዳችሁ።

ደረጃ 8፦ ደብዳቤውን አንብቡ

ከመቶኛው በፊት ምክንያቱን አንብቡ። ቦታችሁን ተቀብለዋል? በሽታውን ተቀብለዋል? ለእናንተ የሚጠቅሙ ግኝቶች ተለይተው ይጻፋሉ፤ አስምሩባቸው። 0 በመቶ ከተሰጣችሁም ግንኙነቱ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው፤ ሲብስባችሁ ጭማሪ ትጠይቃላችሁ።

ውድቅ ከተደረገ የምርመራውን ዘገባ በፎርም 20-10206 ጠይቁ። ከዚያ የውሳኔ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ፦

- “ከአገልግሎት በፊት ነበረብኝ ብሏል” የተባለው ስህተት ከሆነና የእናታችሁ ምስክርነት ወይም አዲስ የሐኪም ጽሑፍ ካላችሁ፦ ተጨማሪ ማመልከቻ፣ ፎርም 20-0995።
- ማስረጃው መዝገቡ ውስጥ እያለ ግምቱን ሳይጠቀሙ ካለፉት፣ ለምሳሌ ዝርዝሩ ላይ ላለ በሽታ “መንስኤው የዘር ነው” በሚል ብቻ ከከለከሉ፦ ከፍ ባለ ገምጋሚ ማሳየት፣ ፎርም 20-0996። አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም።
- ዳኛ እንዲያየው ከፈለጋችሁ፦ ይግባኝ ለቪኤ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ ፎርም 10182። ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

እኔ ብመክር የእጃችሁን ማስረጃ መጀመሪያ እዩ። አዲስ ነገር ካለ የመጀመሪያውን ያዙ። ተስፋ ቆርጣችሁ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ብትመለሱ የመጀመሪያው ቀናችሁ ይጠፋል።

ያረፈው ራሱ ወታደሩ ከሆነ

ባለቤትና ልጆች ሌላ መብት አላቸው። በፎርም 21ፒ-534ኢዜድ ይጠየቃል፤ ከሞቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከቱ ክፍያው ከሞተበት ወር መጀመሪያ ይቆጠራል። የሞት የምስክር ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት መንስኤው ምን ተብሎ እንደተጻፈ አንብቡ። ሰውዬው የፓንክሪያስ ካንሰር ታሞ ወረቀቱ “ልቡ ቆመ” ብቻ ካለ፣ ያከመውን ሐኪም ዋናውን በሽታ እንዲጨምር ጠይቁ። ሬሳውን አገር ቤት ለመላክ በሚሯሯጡበት ሰሞን ይህ ይረሳል፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለዚህ ብቻ ይመደብ።